በካምሲን የበረደው ሞተር

መብራቷ የበራችው ካምሲን፣ የጅቡቲው ትኩስ የአሸዋ ነፋስ፣ መንፈስ በጀመረ ሰሞን፣ ከጨርቅ ሱቃችን ወደ ቤት ስመለስ ነው። ከመሪው ኋላ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር፣ የሞተር ቅርጽ ያላት ትንሽ ብርቱካናማ መብራት። አልጮኸችም፣ ብልጭ ድርግምም አላለችም፤ ዝም ብላ በራችና በዚያው ቀረች። መኪናዋ እንደወትሮዋ ትሄዳለች፣ ክሊማው ቀዝቃዛ አየሩን ይነፍሳል፣ የውሃ ሙቀት የምታሳየው ቀስትም ከታች ተኝታለች። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከመብራቷ ሌላ ምንም አልታየኝም። ተፈጥሮዬ ነው፤ ጎረቤት ቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናዋን ጋራዥ ጥዬ በታክሲ እመላለስ ነበር። ያን ሳምንት ግን የግድ ታስፈልገኝ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት አባን አርታ ላደርሰው ነው። አባ ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ እሱን ውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻዬን አስገባና፣ ይህን ሙቀት ልቡ አይችለውም፣ ከከተማ አውጪው አለኝ። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በካምሲን ደግሞ ኤሌክትሪክ ይጠፋል፤ ሲጠፋ የቤቱ አየር ይወፍራል። ያኔ አባ በሩ አጠገብ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ሥራዬ ብሎ ይተነፍሳል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በካርቶን እያራገብኩለት፣ የሚቀጥለው ትንፋሽ እስኪመጣ የራሴን እይዛለሁ።

አርታ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ተራራ ላይ ስለሆነ ነፋሱ የሰው ነፋስ ነው፤ አክስቴም እዚያ ቤት አላት። ወንድሜ ከድሬዳዋ እየደወለ፣ «በባቡር ላኪውና እዚህ እንቀበለው» ይለኛል፤ ናጋድ ባቡር ጣቢያ አድርሶ ማሳፈር የጨርቅ ጥቅል እንደ መጫን ይመስለዋል። ሐኪሙ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ይቅርበት ብሏል። አባ ራሱም፣ ቆሜ መሄድ ያቃተኝ ዕለት በባቡር ትልኩኛላችሁ ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ስለዚህ አርታ ነው፣ በመኪናችን ነው፣ ዓርብ ነው።

አባ ዕድሜውን የጨረሰው በመሪ ነው። በወጣትነቱ ከወደብ ወደ ድሬዳዋ ጨርቅና ሩዝ በራሱ መኪና ይጭን ነበር፤ ሱቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለመኪና ያለህን ፍቅር ለልጆችህ አድርገኸው ቢሆን ኖሮ የት በደረስን እያልኩ እቀልድበታለሁ። እኛ የድሬዳዋ ልጆች አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት፣ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የሞተሩን ኮፈን መክፈት ነው። ዘይቱን ያያል። የራዲያተሩን መጠባበቂያ ውሃ የሚይዘውን ፕላስቲክ ያያል፤ ከመስመሩ ጎደል ያለ ከመሰለው ከግቢው ቧንቧ በጆግ ቀድቶ ይሞላዋል። ከዚያ ኮፈኑን ዘግቶ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋታል።

ስለ መብራቷ የነገርኩት ራት ላይ ነው።

«አባ፣ ቼክ ኢንጅን በርቶብኛል።»

«ሞተሩ ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«እንግዲያው ምን ሆነሻል? የበራ ይጠፋል።»

ከዚህ በፊት በነበረችን መኪና ላይ እንዲህ ያለ መብራት ሲያስቸግረው ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበት ስንትና ስንት ጊዜ ነድቷል። መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ ይህን ደግሞ መቼም አይረሳውም።

እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር ቢኖር ነዳጅ መቅዳትና ጎማ ማስነፋት ነበር። ግን ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ካለ የስልክ ዕቃ መሸጫ፣ ክብሪት የሚያህል ኮድ ማንበቢያ ገዛሁ። ከመሪው ሥር ይሰካል፣ መኪናዋ ሆድ ውስጥ ያለውን ለስልክ ይናገራል። እንዴት እንደሚሰካ ከቪዲዮ ተማርኩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ሻሼ ከፔዳሉ ጋር ተጠላልፎ፣ ላቤ ዐይኔ ውስጥ እየገባ ሰካሁት። ስልኩ ጥቂት አሰበና በፈረንሳይኛ ጻፈልኝ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ከሚገባው በታች ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ውጭ ነፋሱ አሸዋ ያንጠረጥራል፤ የመኪናዋ በር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም፤ ድመቶች እንኳ ከመንገድ ጠፍተዋል። መሣሪያው ግን ሞተሩ በርዶታል ይለኛል። ነጋዴው የተበላሸ ዕቃ እንደሸጠልኝ አልተጠራጠርኩም። ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ሰካሁት። ያንኑ አለኝ።

ከሰዓት ጫቱ ከገባ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ለመኪና ብሎ የሚነሳ መካኒክ የለም። ስለዚህ የእኛን መካኒክ ለመጠየቅ ወደ መብረዙ ሄድኩ፤ እሱና አባ ከጥቂት እኩዮቻቸው ጋር ትራስ ተደግፈው ወደሚቅሙበት ክፍል ማለት ነው። መካኒኩ የሐረር ሰው ነው፤ እኛ ቤት የገባ መኪና ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። በሩ ላይ ቆሜ ስልኬን ዘረጋሁለት። መነጽሩን አውጥቶ አነበበና ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ ተረጎመው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ተርሞስታቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ሳቁ ጋብ ሲልለት። «በሩ ስለሌለ ውሃው ሁልጊዜ ይሮጣል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። መሣሪያሽ የሚልሽ ይህንኑ ነው። የእኔ እህት፣ ይኼ መታደል ነው እንጂ በሽታ አይደለም።»

ተርሞስታት የሚባለው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። እኛ ቤት ከዱባይ መኪና በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚደረገው እሱን አውጥቶ መጣል ነው። በዚህ አገር ሙቀት ሞተር የሚያሞቅ ዕቃ ምን ይሠራል? አባም፣ መካኒኩም፣ የሰፈሩ ታክሲ ነጂ ሁሉ እንዲህ ያምናል። እኔም አምን ነበር።

«በካምሲን በረደኝ የምትል መኪና ያለችው እኛ ጋ ብቻ ነው» አለ አባ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ አልቆም ሲል እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ሌሎቹ ሳቃቸውን ተዉና ጫታቸውን ያያሉ። ውሃ ስሰጠው በእጁ ምልክት መለሰኝ። ሂጂ፣ ወደ ሱቅሽ ተመለሺ ማለቱ ነው።

ሄድኩ፣ ልቤም ትንሽ ተረጋጋ። መልሱ ያመቸኝ ነበር፤ ዓርብ አርታ እንሄዳለን፣ መብራቷም መታደል ናት። ሱቅ ገብቼ ለአንዲት ደንበኛ የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ ስለካ ነው ነገሩ የቆረቆረኝ። ተርሞስታቱ የወጣው መኪናዋ የመጣች ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ ያለፈው የብርድ ወቅት ሳይገባ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ፣ ደህና ቀዝቃዛ ጠዋት በነበረባቸው ወራት እንኳ፣ መብራቷ የት ነበረች? ዓመቱ እጅግ በሞቀበት ሳምንት ነው ሞተሩ የሚበርደው? ጨርቁን አሳስቼ ስለካሁት ደንበኛዬ ተቆጣች። ይቅርታ ብዬ ጨምሬ ቆረጥኩላት።

አመሻሽ ላይ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቼ ተቀመጥኩ። መሣሪያው ኮድ ብቻ ሳይሆን የውሃውን ሙቀት በየቅጽበቱ ያሳያል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሰባን አለፈ፣ ሰማንያን አለፈ። ደህና ነው ብዬ ልነሳ ስል ቆመ። ከዚያ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ማንም ምንም አልነካም፣ ቁጥሩ ግን ይወርዳል። ሰባ፣ ስልሳ፣ ከዚያም በታች። ወርጄ እጄን ኮፈኑ ላይ ላሳርፍ ብል ሳልነካው ከላይ የሚመጣው ሙቀት መለሰኝ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። አጠፋሁትና በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ፈራሁ። ስህተት የሚናገር መሣሪያ አያስፈራም፤ ይህ ግን አንድ ነገር ሊነግረኝ እየሞከረ ቋንቋው ያልገባኝ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

መልሱን ያገኘሁት አንድ በጓሮው መኪና የሚፈታታ ሰው በለቀቀው ቪዲዮ ነው። የሙቀት መለኪያዋ ትንሽ ጫፍ ውሃ ውስጥ መጠመቅ አለባት። ውሃው ከጎደለና ጫፏ ባዶ ቦታ ላይ ከቀረች የምትለካው ባዶውን ነው፤ ሞተሩ እየነደደ እሷ በርዷል ትላለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀስትም የምትሰማው እሷኑ ነው። ሰውየው ይህን ሲል እንደ ተራ ነገር ነበር። እኔ ግን ቀስቷ ሳምንቱን ሙሉ ከታች ተኝታ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባ እንደልማዱ ኮፈኑን ከፍቶ አገኘሁት።

«ውሃውን አይቼዋለሁ» አለ ሳልጠይቀው። «ሙሉ ነው።»

ፕላስቲኩ በእርግጥ እስከ መስመሩ ሙሉ ነበር። እኔ ግን የራዲያተሩን የራሱን ክዳን ያዝኩ። አባ ያን ክዳን ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ሲከፈት የአንድ ጓደኛውን ፊት እንዳቃጠለው ስለሚያውቅ በጭራሽ አይነካውም። ሞተሩ ግን ገና አልተነሳም። ጨርቅ አድርጌ ስከፍተው ምንም አልወጣም። ከክዳኑ ሥር ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ከአንገቱ ወደ ፕላስቲኩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦም በዚያው ነጭ ነገር ተደፍናለች። በጥፍሬ ፈቅፍቄ ምላሴን ነካሁት። ጨው ነው።

የጅቡቲን የቧንቧ ውሃ ለሻይ እንኳ አናፈላውም፤ የምንጠጣው የታሸገ ነው። ለመኪናዋ ግን ማን ያስባል? አባ በየጠዋቱ በጆግ ሲቀዳላት የኖረው እሱን ነው፣ በፍቅር። ቱቦው ሲደፈን ፕላስቲኩ እንደሞላ ቀረ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ደግሞ ውሃው እየጎደለ ሄደ። አባ ሙሉውን እያየ መታ መታ ሲያደርጋት ኖሯል።

የታሸገ ውሃ አምጥቼ መጨመር ጀመርኩ። አንዱን ጠጣች፣ ሁለተኛውን ጠጣች፣ አልበቃትም። አባ አጠገቤ ቆሞ ጠርሙሶቹን ያያል። በመጨረሻ ሲሞላ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አነጠፍኩ፤ የሚፈስበትን ቦታ ላገኝ ነው። ሞተሩን አስነስቼ ጠበቅሁ። ካርቶኑ ደረቅ ነው። ሱቅ ደርሼ ተመለስኩና ሲቀዘቅዝ ብከፍተው ውሃው ደህና አድርጎ ጎድሏል፤ ካርቶኑ አሁንም ደረቅ ነው። ያኔ ሞተሩን መልሼ አስነስቼ መዳፌን ጭስ ማውጫው ጋ አስጠጋሁት። ሳነሳው ርሷል።

በሌላ አገር ከኋላዋ ነጭ እንፋሎት ይታይ ነበር። በካምሲን ግን እንፋሎት ሳይታይ ይደርቃል። ውሃውን ከእሳቱ የሚለየው ስስ ንጣፍ፣ መካኒኮቹ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ተበልቷል። ሞተሩ ውሃውን ከውስጥ እየጠጣው ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ማንም አያውቅም። እርጥብ መዳፌን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። ለአንድ አፍታ፣ አልዋሽም፣ ኩራትም ተሰማኝ፤ ራሴ ደረስኩበት። ወዲያው በአርታ መንገድ፣ የዌአን መንደር አልፎ ያለው አቀበት ታየኝ፤ ጥላ የሌለው ድንጋይ፣ አባ ከመኪናው ውጭ ቆሞ።

ለመካኒኩ ደወልኩ። «ውሃ ይዛችሁ ውጡ፣ እያቆማችሁ ጨምሩባት፣ አርታ ታደርሳችኋለች» አለኝ። «ቅዳሜ አምጫትና እፈታታታለሁ።»

«ከአባ ጋር መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?»

«ኢንሻአላህ አትቆምም።»

ስልኩን ዘጋሁበት። በአላህ ላይ ጥሎ ጫቱን ሊቅም ነው፣ ብዬ ብቻዬን ተቆጣሁ።

ለአባ ነገርኩት። በዚህች መኪና አንሄድም፤ ነገ ጠዋት ከነሹፌሩ ጥሩ መኪና ተከራይቼ እመጣለሁ። ንጣፉን፣ ጨዉን፣ ውሸታሟን ቀስት፣ ሁሉንም አስረዳሁት። አባ ሰምቶ ሲጨርስ፣ «እሺ» አለ። አባ በዕድሜው ሙሉ መኪናን በተመለከተ በአንድ ቃል እሺ ያለኝ ነገር የለም። ይህ ያኔውኑ አላማረኝም። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት፤ በእርግጥም ደክሞት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ኪራይ መኪናውን ለማምጣት በማለዳ ወጣሁ። ሹፌሩ ሶማሌ ነው፣ ትሁት ሰው፤ ነዳጅ እንቅዳ አለና ቀዳን። ሰፈር ስንገባ ነፋሱ ከረጢትና አቧራ ይዞ በመንገዱ መሐል ይመላለሳል። የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኪናዋ የለችም። ከቧንቧው ሥር የነበረው ጆግም የለም።

ደጃፏ ላይ ባጅያ የምትጠብሰው ጎረቤታችን፣ «አርታ ነው የሄደው» አለችኝ። «እሷ እስክትመጣ ፀሐይ ይጠነክርብኛል፣ ከኋላዬ ትምጣ በያት አለኝ። አብረሽው ያልሄድሽው ለምንድን ነው?»

ደወልኩለት። ስልኩ ቤት ውስጥ፣ ትራሱ ሥር ጠራ።

ከከተማ እስክንወጣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ሰልፍ ያዘን። ሹፌሩ በአቧራው ውስጥ እየቀደመ ይነዳል፤ እኔ የማየው መንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ ነው። የተገለበጠ ጎማ፣ ፍየሎች፣ የተቃጠለ መኪና አጥንት። ከሁሉ በላይ የምታስፈራኝ ቀስቷ ነበረች። አባ መብራት አያምንም፣ ቀስት ግን ያምናል። አቀበቱን ሲጀምር ያያታል፤ ከታች ተኝታለች። ቀዝቅዛለች ይላል፣ ነዳጅ ይረግጣል። የነገርኩትን ሁሉ አንዴ አይቷት ይረሳዋል፤ ሃምሳ ዓመት ያመናት እሷን ነው፣ እኔን ያመነኝ ደግሞ መቼ ነው?

ዌአን አልፈን መንገዱ መውጣት ሲጀምር፣ አንድ የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው ትልቅ ተሳቢ ዳር ይዞ ቆሞ አየሁ። ከፊቱ የእኛ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። እንፋሎቷ እንኳ አልቋል። ሳንቆም ነው በሩን የከፈትኩት።

አባ በተሳቢው ጥላ ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፤ በሁለት እጁ ከአንገቱ ሥር ሰብስቦ ይዞታል። አስፋልቱ ከጫማዬ ሥር ይለሰልሳል፤ እሱ እንደዚያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

የከባድ መኪናው ሹፌር ወደ እኔ መጣ። «ልጃቸው ነሽ? መሪው ላይ ተደፍተው ነው ያገኘኋቸው። ውሃ ብሰጣቸው እንቢ አሉ። በረደኝ፣ የምለብሰው ስጠኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሲቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ከጋቢናዬ አምጥቼ አለበስኳቸው።»

ተንበርክኬ እጁን ያዝኩት። ከበረዶ ቤት የወጣ ዕቃ ይመስል ቀዝቅዟል፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ይደርሳል። እግሩን ነካሁት፣ እንደዚያው ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። በዚያ እሳት መሐል የአባቴ ገላ በርዶታል። ይህን ቋንቋ ሳምንቱን ሙሉ ሳጠናው ነበር። በረደ ማለት ሙቀት የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ መድረስ ያለበት ነገር መድረስ ያለበት ቦታ አልደረሰም ማለትም ይሆናል። ለሞተሩ ይህን ለመረዳት ቪዲዮ፣ መሣሪያና ካርቶን አስፈልጎኛል። የአባቴን እጅ አንድ ጊዜ መያዝ በቂ ነበር።

«ሞተሩ ደህና ነበር» አለኝ በቀጭን ድምፅ። «ቀስቷን እያየኋት ነበር።»

«አውቃለሁ አባ።»

ሁለቱ ሹፌሮች ተሸክመው ኪራይ መኪናው ውስጥ አስተኙልኝ። ወደ ከተማ ከመመለስ አርታ ይቀርብ ነበርና ወደ ላይ ነዳን። ክሊማውን አጥፍተን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ላባችን እየተንቆረቆረ፤ እሱ ጭኔ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ነፋሱ ከኋላችን ቀረ። ሹፌሩ በሶማልኛ ዱዓ ያደርጋል፤ እኔ ዱዓ እንኳ አልመጣልኝም፣ እጁን ማሸት ብቻ ነው የመጣልኝ።

አርታ ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ደረቱን አዳመጠች፣ እግሩን በጣቷ ጫን አድርጋ ጉድጓዱ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ በፈረንሳይኛ፣ እጅና እግሩ መቀዝቀዝ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ዛሬ ነው ልላት አፌን ስከፍት አባ ቀደመኝ።

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ ነው» አላት። ወደ እኔ አላየም።

ረመዳን ካለፈ ወራት ሆኖታል። በየማታው እግሩ ሥር ተቀምጬ ሳራግብለት፣ ሞቆኛል እያለኝ ነበር።

ወንድሜ በማግስቱ በባቡር መጣ። አልጋው መስኮት አጠገብ ነበር፤ ሐኪሙ የፈለገለት የአርታ አየር በመጋረጃው በኩል ይገባል። አባ ከዚያ አልጋ አልተነሳም። የሞተ ዕለት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጥቂት ነቃ ብሎ ነበር፤ ወንድሜ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ነን። ተናድጄ ነበር፤ እያለቀስኩ መናደዴ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«ያን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ብነግርሽ መሪ አታስነኪኝም ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። አላስነካውም ነበር።